እየዳኸ የቀረው ወንድሜ

ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም። እኔም በዓይኔ ባላየሁት ኖሮ አላምንም ነበር። ግን ሆኗል... ሐሙስ ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በኬሪንቺ ጫካ፣ ፀሐይ እያለ።

ስሜ ሳፍሪል ነው። ሥራችን ታይገር፣ ባለ መስመሩን ትልቅ ነብር፣ መቁጠር ነው። ዛፍ ላይ ካሜራ እናስራለን፤ የሚያልፈውን ሁሉ በራሱ ያነሳል። ጫካ ውስጥ ግን የታይገርን ስም አንጠራም። «አያት» ነው የምንለው።

ካሜራ ከታሰረ በኋላ ይሞከራል። አንዱ እንደ አውሬ ከፊቱ ይድሃል፣ ሌላው አጠገቡ ቆሞ ያያል። የቆመው «በቃ፣ ተነስ» እስኪል ድረስ የሚድኸው አይነሳም። ሽማግሌዎቹ ያወረሱን ሕግ ነው። ምክንያቱን ጠይቄ አላውቅም።

ሰኞ «አባንግ» እያልኩ የምጠራው ታላቅ ወንድሜ ዳስማን ሲድህ እኔ ቆሜ ነበር።

«አንተንማ አያት ቢያገኝህ አጥንት ነው ብሎ ይተውሃል» ብሎ ቀለደብኝ።

ተናደድኩ። ዝናብም መጣ፤ ታች ያቆምኩት ሞተር ትዝ አለኝ። ምንም ሳልል ጥዬው ወረድኩ። ይከተለኛል ብዬ ነበር...

አልመጣም።

ማክሰኞና ረቡዕ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ፈለገው፤ የለም። ሐሙስ ጠዋት እናቴን «ይዤልሽ ነው የምመለሰው» ብያት ወጣሁ። ከአለቃችን ከኢቡ ማርሊና ጋር ካሜራዎቹን አንድ በአንድ እየከፈትን ተከተልነው።

ሁለተኛው ካሜራ፣ ሰኞ አመሻሽ። ዳስማን እየዳኸ ነው።

«እየቀለደ ነው?» አለች በሹክሹክታ።

ሦስተኛው፣ ማክሰኞ። እየዳኸ ነው። ቦርሳው የለም። የሱሪው ጉልበት ተቀዷል።

አራተኛው፣ ረቡዕ። አሁንም እየዳኸ... ከኋላው አንዲት ታይገር ከሁለት ግልገሎቿ ጋር ትሄዳለች። አታደባም፣ አትሮጥም። እንደ ጎረቤት ትከተለዋለች።

ኢቡ ማርሊና ዞራ አየችኝ።

«ሳፍሪል... ሰኞ 'በቃ' ብለኸዋል አይደል?»

አንገቴን ደፋሁ።

አምስተኛውን ከፈትን። ፎቶው የዛሬ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ከሦስት ደቂቃ።

ሰዓቴን አየሁ... ዘጠኝ ከስምንት።

ወፍ አይጮህም። ጦጣዎቹም ዝም ብለዋል።

«አባንግ! በቃ! ተነስ!» አልኩ ባለኝ ድምፅ ሁሉ።

ቁጥቋጦው ተንቀሳቀሰ። ቀስ ብሎ... ሰው ተነሳ።

ዳስማን ነበር። ፊቱም ሸሚዙም የሱ። ሮጬ እጁን ያዝኩት። «ይቅር በለኝ፣ አባንግ» እያልኩ አለቀስኩ። ፈገግ አለ።

ያኔ መዳፉ ተሰማኝ።

አራት ቀን ድንጋይ ላይ የዳኸ እጅ... እንደ ሕፃን መዳፍ ለስላሳ ነበር። አንድ ጭረት የለውም።

ኢቡ ማርሊና ወደ ኋላዋ እየራቀች ነበር። እሱን አይደለም የምታየው፣ ከጎኔ ያለውን ገደል ነው።

ከገደሉ ሥር ድምፅ መጣ። ደካማ... የማውቀው።

«ሳፍሪል... የት ነህ? እጄ ደማ...»

የወንድሜ ድምፅ ነበር።

ልዞር ስል የያዝኩት እጅ አጥብቆ ያዘኝ።