ዘጠኝ ሜትር

መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ትምህርቴን አስረኛ ክፍል ላይ አቋርጬ የቀረውን የተማርኩት ሰው ሊያባዛ ከሚያመጣው ወረቀት ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲሰጠኝ ማሽኑ እስኪሞቅ አነባለሁ። አንዳንዱን ከጻፈው ልጅ በተሻለ ተረድቼ መልሼለታለሁ።

መክብብም የካቲት ላይ ቅጽ ሊያባዛ ገባ። ከሱቄ ጀርባ ያለው ማደያ ታንኩ መሬት ውስጥ ያፈሳል ተብሎ ስለተጠረጠረ፣ ማደያው የቀጠረው ድርጅት ሠራተኛ የሆነው እሱ በየወሩ ከጉድጓድ ውሃ እየቀዳ ላቦራቶሪ ይልካል። ሦስቱ ጉድጓዶች የማደያው ናቸው። አራተኛው የእኛ ግቢ ውስጥ ነው፤ እናቴ ሙሉጌጥ፣ እህቴ ፀጋና ተከራዮቻችን የሚጠጡት ከእሱ ነው። ፀጋ ነፍሰ ጡር ነበረች።

«ቀኑን ተሳስተሃል» አልኩት።

«ታነቢያለሽ እንዴ?»

«አይ፣ አሽትቼው ነው።»

ሳቀ። በመጋቢት ግቢያችን ሲመጣ ገመዱን እኔ ያዝኩለት። የቆመው ውሃ ተቀድቶ ካልተደፋ ናሙና እንደማይሆን፣ ጠርሙሱ እስከ አፉ ካልሞላ ቤንዚኑ እንደሚተን አሳየኝ። ጥልቀቱን ያነበብኩለት እኔ ነኝ፤ አሥራ አራት ሜትር። ክዳኑን ሲያጠብቅ ጣቶቻችን ተነካኩ። ሁለታችንም ጠርሙሱን አየን እንጂ አልተያየንም።

ውሃው ንጹህ ነው አለን። ለፊቼ በዓል ጉዱማሌ አደባባይ አብረን ቆመን ሳለ፣ ክረምቱ ሲወጣ ሽማግሌ እንደሚልክ ነገረኝ። በመጣ ቁጥር የታሸገ ውሃ ያመጣልኛል፤ ለጉሮሮሽ ይሻላል ይላል። ፀጋ፣ የሰው ወንድ አበባ ያመጣል፣ ያንቺው ውሃ ይሸከማል እያለች ትስቅብኝ ነበር። እኔ ደግሞ እኮራ ነበር።

ሐምሌ ላይ የማደያው ሥራ አስኪያጅ ጋሽ አሰፋ ሪፖርቱን በአምስት ቅጂ እንዳባዛላቸው አመጡ። እንደ ልማዴ አነበብኩ። የእኛ ጉድጓድ ንጹህ ነው፤ ጥልቀቱ ዘጠኝ ሜትር። ዘጠኝ ሜትር ግን ከማደያው ሦስት ጉድጓዶች በታቦር ተራራ በኩል ያለው፣ ቤንዚን የማይደርስበት የላይኛው ጉድጓድ ጥልቀት ነው። ገጹን ገለጥኩ። በአራት ወር ውስጥ የሁለቱ ቁጥር አንድም ቦታ አይለያይም።

በማግስቱ ጠዋት መክብብ ሲገባ ወረቀቱን ፊቱ ዘረጋሁለት።

«የእኛ ጉድጓድ መቼ ነው አምስት ሜትር ያጠረው?»

ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ ነገረኝ። የመጋቢቱ ውጤት መጥፎ ነበር። አለቃው፣ ማደያው ውላችንን ያፈርሳል፣ ድገመው አለው። እሱም ከላይኛው ጉድጓድ ሁለት ጠርሙስ ሞልቶ አንዱ ላይ የእኛን ስም ለጠፈ፤ ቁጥሩንም እንዳለ ገለበጠ። ከዚያ ወዲህ እኔ ገመድ ይዤ ያስቀዳሁትን ሁሉ መንገድ ላይ ይደፋው ነበር።

«ሥራዬን ባጣ በምን እናገባለን? ለእኛ ብዬ ነው ሃሴት።»

«የታሸገውስ ውሃ?»

ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው።

«አንቺ እንድትጠጪው አልፈለግኩም።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይቅር የምልበት ቀዳዳ እየፈለግኩ ነበር።

«ፀጋስ? ነፍሰ ጡሯስ?»

«ለእነሱ ብነግራቸው ወሬው ይወጣል።»

«አዎ፣ ይወጣል። ወሬው እንዳይወጣ ቤንዚኑ ይግባላቸው?»

«እወድሻለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ። የከፋውም እሱ ነው። እነሱ ሲጠጡ እያየህ፣ እኔን መርጠህ ወደድከኝ።»

ሱቁን ዘግቼ ግቢ ገባሁ። ተከራዮቹን ሰብስቤ ነገርኳቸው፤ ጉድጓዱን በቆርቆሮ ከድነን ድንጋይ ጫንንበት። ፀጋ ሆዷን ይዛ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«እሱ ያውቅ ነበር?»

ምላሴ ለማንም አያርፍም ይሉኛል። ያን ቀን በአዎንታ አንገቴን ብቻ ነቀነቅኩ።

ለጋሽ አሰፋ አምስቱን ቅጂ ሰጠሁ፤ ስድስተኛውን ለሚመለከተው ቢሮ። መክብብ ሲጠየቅ አልካደም አሉ፤ ከሥራውም ወጣ። ክረምቱ አለቀ፣ ሽማግሌም አልመጣም።

ፀጋ በመስከረም ሴት ልጅ ወለደች። ሐኪሞቹ ደህና ናት አሉ። በሳምንቱ መክብብ በጓደኛው በኩል አስጠየቀኝ፣ ልጅቷ እንዴት ናት ብሎ።

«እኔም በየጠዋቱ የምጠይቀው እሱኑ ነው በለው» አልኩት።