ጎተራ ያሳደጋት ከተማ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት አንድ ጧት፣ ጌጃ ሰፈር መንገድ ላይ ተጋድሞ የተገኘውን ሃረጎትን ማን ገደለው? ደረቱ ላይ የተሰካው ካርቶን «ፀረ አብዮተኛ» ይላል። እንዲህ የተጻፈበትን ሬሳ ዘመድም እንኳ እንዲያለቅስለት፣ እንዲቀብረው አይፈቀድም። የፖሊስ ጣቢያው መቶ አለቃ ሞቱማ ግን ሬሳው የተሸፈነበትን ጋቢ ገልጦ አገላብጦ አየው። ጥይት አልነካውም፤ አንገቱ ላይ የሲባጎ ሰንበር አለ።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ቀበሌው ካልገደለው ልቅበረው?» አለች የሟቹ እህት ለተ ሚካኤል፣ እንባዋን ውጣ።

«መጀመሪያ ገዳዩን ልወቅ፣ እህቴ።»

ሃረጎት የከተማ ፕላን ቡዳፔስት ተምሮ ከተመለሰ ዓመት አልሞላውም። ሞቱማ የቀበሌውን ሊቀመንበር ደገፋን ሟቹ ሐሙስ ማታ በቀበሌው የውይይት ክበብ ምን እንደ ተናገረ ጠየቀው።

«ስለ ንግድ ሲቀባጥር አመሸ! ቡዳፔስት ሁለት ከተማ ነበረች፤ ቡዳ ግንብ ነበራት፣ ፔስት ግን እህል፤ በዳኑብ ወንዝ የመጣው ስንዴ ወፍጮ አስተከለ፣ ወፍጮው ሠራተኛ ጠራ፣ ሠራተኛው ሰፈር ሠራ፤ ከተማዋን ያሳደጋት ጎተራ ነው አለ።»

«ሌላስ?»

«እዚህም ጎተራ የሞላ አስተዋይ ነጋዴ አለ፣ ሳምንት በስሙ አመሰግነዋለሁ አለ። ስሙን ሳይነግረን ሞተ እንጂ!»

«እናንተ ገደላችሁት?»

«ጓዶቼ ይሆናሉ። ስንቱን አስታውሳለሁ?» ደገፋ ሳቀ።

የሟቹ ወዳጅ፣ እህል ነጋዴው ነጋ፣ ከለቅሶ ብዛት ዓይኑ አብጧል። «ጋቢው የእኔ ነው። ወንድሜን! አገር እስኪሰማ ጮኼ አለቀስኩለት።»

«አልፈራህም?»

«ሐዘን ምን ያስፈራል?»

ከሰዓት በኋላ ሞቱማ ሦስቱንም ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሰበሰባቸው።

«ቀበሌው ካርቶን የሚሰካው ተኩሶ ነው። ይሄ ግን በጆንያ መስፊያ ሲባጎ ታንቋል። ደግሞም ቀበሌው የነጋዴውን ስም እስኪሰማ በሕይወት ይፈልገው ነበር። ካርቶኑን ያየ ሁሉ በሩን ዘጋ፤ እህቱ እንኳ አላለቀሰችም። ነጋ ብቻ ጮኸ። ለምን? አብዮቱ እንዳልገደለው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነዋ! ነጋ፣ የደበቅከውን እህል ያጋልጥ ነበርና ያ ምስጋና ያስረሽንህ ነበር።»

ነጋ ተንበረከከ። «ዝም በል ብዬ ለመንኩት! ‹አትፍራ፣ ይሄ እኮ ታሪክ ነው› አለኝ።»

ደገፋ አጨበጨበ። «ጎተራው የት ነው?»

«ጓሮዬ... ከማገዶው ጀርባ።»

«በቃ። እህሉ ለቀበሌው ሱቅ፣ አንተም ከእኛ ጋር ትሠራለህ። ሰውየውን የገደለው አብዮቱ ነው።»

«ወንድሜንስ ልቅበረው?» አለች ለተ ሚካኤል።

«ፀረ አብዮተኛ ለቅሶ የለውም። ሬሳ ሰብሳቢው መኪና ይወስደዋል።»

ሞቱማ ወደ ጣቢያው ሮጦ ለበላይ አዛዦቹ በሬዲዮ መልእክት ላከ፦ «ሟቹን የገደለው ግለሰብ ነው። አስከሬኑ ለእህቱ እንዲሰጥ ይፈቀድልኝ።» ለተ ሚካኤል በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች። መኪናው መጥቶ ሬሳውን ጭኖ ሄደ። መልስ አልመጣም፤ በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ።