የጨው ዜና

«እንግሊዝ አገር ቤንዚን ጠፋ!»

ጋሽ ይርጋ ጆሯቸውን ከሬዲዮው ሳያነሱ ይህን ሲናገሩ ግቢያቸው ውስጥ የተሰበሰበው ጎረቤት በሳቅ አውካካ። መቅደላ ብቻ አልሳቀችም። መርሳ ውስጥ ቤንዚን ከጠፋ ሁለተኛ ወሩን ሊደፍን ነው፤ ባጃጆቹ በየአጥሩ ሥር ተገትረው የዶሮ ማደሪያ ሆነዋል። ለንደንም እንዲህ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል?

«ጋሼ፣ እነሱም ጋ ጦርነት አለ እንዴ?» ስትል ጠየቀች።

«ኧረ የለም። ቤንዚኑም ቢሆን ሞልቷል፤ የጎደለው ወደ ማደያ የሚያመላልሰው የቦቴ ሾፌር ነው። መጀመሪያ ጥቂት ማደያዎች ተዘጉ። ከዚያ ‹ሊያልቅ ነው› የሚል ወሬ ሲናፈስ ሁሉም መኪናውን አስነስቶ ሊቀዳ ወጣ። ሁሉም በአንድ ቀን ሲቀዳ በቃ፣ እውነትም አለቀ።»

«ፈረንጅም እንደኛ ይጋፋል በሉኛ!» አሉ እትዬ አለሚቱ። ለብቻቸው የሚኖሩ ጎረቤት ናቸው፤ ከሬዲዮው ሰዓት ቀርተው አያውቁም።

ጊዜው 2014 ዓ.ም.፣ መስቀል በዋለ ማግስት ነበር። ከነሐሴ ወዲህ ከተማዋ በታጣቂዎች እጅ ናት። መብራት የለም፤ ስልክ የለም፤ ባንኩም ተዘግቷል። ዘጠነኛ ክፍል ልትገባ የነበረችው መቅደላም ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ቤት ውላለች። የእንግሊዝኛ አስተማሪው ጋሽ ይርጋ ግን አንዲት ትንሽ ሶላር አለቻቸው። በእሷ የሬዲዮውን ባትሪ እየሞሉ በየቀኑ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከለንደን የሚተላለፈውን ጣቢያ ይከፍቱና ለጎረቤቱ ይተረጉማሉ። መጀመሪያ የጦርነቱ ወሬ ይሰማል፤ ያን ጊዜ ግቢው ጸጥ ይላል። ቀጥሎ የእንግሊዞቹ የንግድ ዜና ይመጣል፤ ያኔ ሰው ሁሉ ዘና ይላል።

ፓውንድ ወረደ፣ የቤት ዋጋ ወጣ፣ የማሞቂያ ጋዝ ተወደደ፤ የማይወራ ነገር የለም። አንድ ቀን አንዲት እንግሊዛዊት ደውላ ለጋዝ የምታወጣውን ገንዘብ እንዴት እንደምትቀንስ ጠየቀች። ባለሙያው ቤት ውስጥም ቢሆን ሹራብ ደርባ እንድትቀመጥ መከራት። ጋሽ ይርጋ ይህን ሲተረጉሙ እትዬ አለሚቱ እጃቸውን አጨበጨቡ። «ለምን ትጨነቃለች? ወደ መርሳ ትምጣ! ፀሐዩን በነፃ እንሰጣታለን።»

መቅደላን የገረማት ግን ሌላ ነው። እንግሊዞቹ የእያንዳንዱ ነገር ዋጋ ትናንት ምን ያህል እንደነበረ፣ ዛሬ ምን ያህል እንደሆነ በየቀኑ ይነገራቸዋል። መርሳ ውስጥ ደግሞ አንዱ ሱቅ አንድ ኪሎ ጨው በአርባ ብር ሲሸጥ ሁለት በር ተሻግሮ ያለው ስልሳ ብር ይላል፤ ሰው አያውቅም።

«የኛን ዋጋ ማን ይንገረን?» አለች አንድ ቀን።

«አንቺ ንገሪን እንጂ» አሉ ጋሽ ይርጋ። ከኪሳቸው ጠመኔ አውጥተው ሰጧትና የግቢያቸውን የቆርቆሮ በር በእጃቸው አሳዩዋት።

በማግሥቱ ጠዋት መቅደላ ገበያውን ከዳር እስከ ዳር ዞረችና በሩ ላይ ጻፈች፦ «የመርሳ የንግድ ዜና። ፓፓያ ዛሬም ወረደ፤ ወደ ደሴ የሚጭነው መኪና ስለሌለ አሁን ካልበላነው መቼም አንበላውም። ብርቱካን ባለበት ቆሟል። ሳሙና ወጣ፤ እናቶች፣ ልጆቻችሁን ከጭቃ አርቁ! ጨው አርባ ብር።»

ሰው እየቆመ አነበበ፤ እየሳቀም ሄደ። በሳምንቱ ግን ከገጠር ጌሾና ሎሚ ይዘው የሚመጡት ገበሬዎች ሳይቀሩ መጀመሪያ በሩን ሳያዩ ገበያ መግባት ተዉ። ማንበብ የማይችሉት አንዱን ተማሪ ጠርተው ያስነብቡታል። ጨው በስልሳ ብር ይሸጥ የነበረውም ሱቅ ሳይወድ በግዱ አርባ ብር ገባ። መቅደላ በመንገድ ስታልፍ «ዜና አንባቢዋ!» ይሏታል፤ እሷም ቀና ብላ ትሄዳለች።

አንድ ሐሙስ ጠዋት የክፍል ጓደኛዋ ሰይፈዲን እያለከለከ መጣ። አባቱ አቶ አብዱልሐሊም ከመስጊዱ ወረድ ብሎ ሱቅ አላቸው።

«ሰማሽ? ወልድያ ጨው መቶ ብር ገባ!»

«አትሸውደኝ!»

«አቦ አንቺ ደግሞ! ሙድ የያዝኩብሽ መሰለሽ? ከዚያ የመጣ ሰው ለአባዬ ሲነግረው ሰማሁ።»

መቅደላ ሰውየው ማን እንደሆነ መጠየቅ ነበረባት፤ ግን እስካሁን የጻፈችው ሁሉ የመርሳ ብቻ ነው። የወልድያ ዜና ሲገኝ እጇ አላስችል አላት። በትልልቅ ፊደል «ሰበር ዜና! ወልድያ ጨው መቶ ብር ገባ!» ብላ ጻፈች።

እኩለ ቀን ሳይሞላ ከተማው ተገለባበጠ። ወልድያ መቶ ከገባ ነገ መርሳም ይገባል፤ እሱ ሳይመጣ መግዛት ነው! በየሱቁ ደጃፍ ሰልፍ ሆነ። አርባው ስልሳ፣ ቆየት ብሎ ስልሳው ሰማንያ ሆነ። የአቶ አብዱልሐሊም ሁለት ጆንያ ጨው ሳይመሽ ተሸጦ አለቀ። መቅደላ ግርግሩን ከሩቅ እያየች ልቧ በኩራት ተሞላ፤ ይህን ሁሉ ሰው ያስነሳው የእሷ ጽሑፍ ነው።

ወደ ማምሻው ላይ እትዬ አለሚቱ ከባድ ፌስታል ታቅፈው ሲመጡ አገኘቻቸው።

«እትዬ፣ ምን ገዙ?»

«ጨው ነዋ! ሦስት ኪሎ። አንቺ የጻፍሽውን ሰምቼ ዶሮዬን ለልብስ ሰፊው ለስዩም ሸጥኩለት።»

«ያቺን እንቁላል ጣይዋን?»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ሌላ ምን አለኝ? አብሽሪ፣ ዶሮ ይገኛል፤ ያለ ጨው ግን አይበላም» ብለው ስቀው አለፉ። መቅደላ ግን መሳቅ አቃታት። ለአንድ ብቸኛ ሴት ሦስት ኪሎ ጨው!

አርብ ዕለት እኩለ ቀን ላይ አክስቷ ባይነሽ ከወልድያ በእግሯ መጣች። ሲነጋጋ ተነሥታ ነው የደረሰችው። ውኃ ጠጥታ፣ እግሯን ታጥባ አረፍ እንዳለች መቅደላ መጠበቅ አልቻለችም።

«አክስቴ፣ ወልድያ ጨው ስንት ገባ?»

«ጨው? ትናንት ሠላሳ አምስት ብር ገዛሁ። እንዲያውም ሰሞኑን ወረድ ብሏል።»

መቅደላ ብድግ ብላ ወጣች። ሰይፈዲን ሱቃቸው በር ላይ ባዶውን ጆንያ ሲያራግፍ አገኘችው።

«ያ ሰውዬ ማነው?»

«የቱ?»

«ከወልድያ የመጣው!»

ሰይፈዲን ጆንያውን አጠፈ፤ መልሶ ዘረጋ። ያኔ ነው አንድ ነገር ትዝ ያላት። በየሁለት ቃሉ «ወላሂ» የሚለው ልጅ ሐሙስ ዕለት አንዴም አላላትም።

«ሰውዬ የለም» አለ በመጨረሻ። «አባዬ ያንን ጨው በሃምሳ ብር ነው ያመጣው። አንቺ በየቀኑ አርባ አርባ እያልሽ ስትጽፊ ምግብ እንኳ አልበላ አለው። ለአንድ ቀን ብቻ ከፍ ቢልለት ብዬ ነው። እንዲህ ይሆናል አላልኩም።»

«አባትህ ያውቃል?»

«ቢያውቅማ አለቀልኝ! አደራ መቅዲ፣ እንዳትናገሪብኝ።»

«ልክ እንደ እንግሊዞቹ አደረግከን እኮ!» አለችው። ወዲያው ደግሞ ደነገጠች። እሱ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የተናገረው። ለከተማው የተናገረችው እሷ ናት።

ወደ ጋሽ ይርጋ በር በቀስታ ተመለሰች። ቀላል መንገድ ነበር፤ የትናንቱን አጥፍታ «ጨው አርባ ብር» ብላ ብትጽፍ ማን ይጠይቃታል? ነገ ሌላ ዜና ነው። ከተናገረች ግን ከዚህ ወዲያ በሩን የሚያምነው ይኖራል? ጨርቁን አንስታ ሰበር ዜናውን ጠረገች። ጠመኔውን ይዛ ብዙ ቆመች። ከዚያ ጻፈች፦

«እርማት። ትናንት የወልድያ ጨው መቶ ብር ገባ ብዬ የጻፍኩት ሐሰት ነው። ወልድያ ሠላሳ አምስት ብር ነው። ሳላጣራ የጻፍኩት እኔ ነኝ። መቅደላ።»

አሥር ሰዓት ላይ ጎረቤቱ ሲሰበሰብ ጋሽ ይርጋ ሬዲዮውን ከመክፈታቸው በፊት ተነሥታ ጮክ ብላ አነበበችው። ግቢው ተንጫጫ።

«እኔ አራት ኪሎ ገዝቻለሁ እኮ!» አለ ልብስ ሰፊው ስዩም። «ማነው እንዲህ ብሎ የነገረሽ?»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ጋሽ ስዩም።»

«እሱንማ አነበብሽ። የነገረሽን ነው የምልሽ!»

መቅደላ የሰይፈዲንን ስም አልጠራችም። አጥሩን ተደግፎ የቆመው ሰይፈዲን ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ከራሴ ፈጥሬ ነው።» ይህን ብሎ በሩን ከፍቶ በረረ።

ጀምበር ሳትጠልቅ አቶ አብዱልሐሊም ሚዛናቸውን ተሸክመው መጡ። ሰይፈዲን ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ይከተላቸዋል።

«አሰላሙ አለይኩም። በሰማንያ ብር ከእኔ የገዛችሁ፣ ወይ ትርፉን ብር ውሰዱ፣ ወይ ጨውን መልሳችሁ ገንዘባችሁን ውሰዱ» አሉ። «ልጄ ዛሬ የሚሠራውን ሁሉ በዚህ ከተማ ፊት ነው የሚሠራው። ሰይፉ፣ መዝን!»

ሰይፈዲን መዘነ። እትዬ አለሚቱ ሁለቱን ኪሎ መልሰው አንዱን አስቀሩና ወደ ስዩም ዞሩ።

«አንተ፣ ዶሮዬስ?»

ስዩም አንገቱን አከከ። «ዶሮዋማ… ዛሬ አርብ ነው ብለን ትናንት ማታ በላናት።»

«አንድ እግር እንኳ አላስቀራችሁልኝም?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ንዴት የነበረበትም ሳይወድ ሳቀ። ስዩም በሚቀጥለው ገበያ ጫጩት ገዝቶ ሊሰጣቸው በሁሉም ፊት ቃል ገባ። ሁሉም ግን እንዲህ በቀላሉ አልታረቃትም። ሎሚ ሻጩ አዳነ በቅዳሜው ጠዋት በበሩ ሲያልፍ ቀና ብሎም አላየ፤ ሌሎች ሁለት ሰዎችም እንዲሁ።

መቅደላ ይህን እያየች በሩ ፊት ቆማለች። የፓፓያና የሳሙና ዋጋ ጽፋ ጨርሳለች። ሰይፈዲን ራቅ ብሎ ጥቂት ከተንቀዋለለ በኋላ ቀስ ብሎ ተጠጋ።

«ሐራ ገበያ ስኳር ገብቷል እየተባለ ነው» አለ።

የመቅደላ እጅ በሩ ላይ ቀረ። ስኳር ካዩ ስድስት ሳምንት ሆኗቸዋል፤ ይህን የጻፈች ቀን ከተማው ሁሉ በሩ ላይ ይሰለፋል፤ አዳነም ሳይቀር።

«ማን አየ?»

«ማን እንዳየ እንጃ። ሲወራ ሰማሁ።»

«ከሐራ ዛሬ የመጣ ሰው አለ?»

«ጌሾ ተራ አንድ ሰውዬ አለ መሰለኝ። ሄጄ ልጠይቀው?»

መቅደላ የእጇን ብናኝ በቀሚሷ ጠረገችና ጠመኔውን ኪሷ ከተተች።

«አብረን እንሂድ» አለችው።