ሕያው የማይወጣበት ቴምብር

የጋሽ ኃይለማርያም ሬሳ የተገኘው ከላስ ቬጋስ ጎን ባለችው በሄንደርሰን፣ ከዋተር ስትሪት ጀርባ ባለው የሐበሻ ማኅበራችን ግቢ፣ ብረት ኮንቴይነር ውስጥ ነው። የቴምብር አልበማቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ነበር። ወሩ ሐምሌ ነው። በቬጋስ ሐምሌ አስፋልት ላይ እንቁላል ይጠበሳል የሚሉ ልጆች ናቸው፤ እኔ ዶሮዋ ራሷ ስትጠበስ አይቻለሁ። ያ ኮንቴይነር ደግሞ የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው።

ጋሼ ታክሲ እየነዱ ያረጁ ሰው ነበሩ። ቴምብር በመሰብሰብ ከሮኪ ተራሮች ወዲህ አቻ አልነበራቸውም፤ ወዲያም ቢሆን እጠራጠራለሁ። ከሰዓት በኋላ ኮንቴይነራቸው ውስጥ፣ ከአዳራሹ በተሳበ ገመድ የምትሠራ ማቀዝቀዣቸውን ከፍተው፣ አልበማቸውን እያገላበጡ፣ ልጃቸው ማታ መጥቶ እስኪወስዳቸው ሸለብ ያደርጋቸዋል። ይህን የማያውቅ የግቢው ሰው የለም።

ጠዋት በሩን ከፍታ የጮኸችው ፋይዛ ናት። የወሎ ልጅ ነች፤ አየር ማረፊያ ዊልቸር ትገፋለች፣ ከሺፍት መልስ ደግሞ ግቢያችንን ከፍታ ትዘጋለች። ፖሊሶች መጥተው ሬሳውን ወሰዱ። መርማሪያቸው እስኪመለስ ከግቢው ማንም እንዳይወጣ አዘዙ። መግባት ተፈቅዷል፤ መውጣት ግን የለም። ለለቅሶ የሚመጣው ሁሉ አይጥ ወጥመድ ውስጥ እንደምትገባ እየገባ ይቀር ጀመር። የአዳራሹ ኤሲ ከነጋ ጀምሮ እያቃሰተ ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ ጭራሽ ዝም አለ።

ማን እንደሚታሰር ሁላችንም አውቀናል። ማታ ቁልፉን የቆለፈችው ፋይዛ ናት፣ ለፖሊሱም አልደበቀችም።

ከገቡት አንዷ አስካል ነበረች። አስካል ካዚኖ ውስጥ ካሜራ ተመልካች ናት። ከጣሪያ በላይ ተቀምጣ የሺህ ቁማርተኛ ጣት በአንድ ጊዜ ታያለች። አንዲት ካርድ እጅጌ ውስጥ ሳትገባ እጅጌው ማሳከኩን ታውቃለች ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ፊት ይዋሻል፣ እጅ ግን አይችልበትም ትላለች።

ፋይዛን ጥግ ይዛት ተቀመጠች።

«ዘጋሁት፣ እትዬ» አለች ፋይዛ። «በዚህ እጄ። የማቀዝቀዣዋንም ገመድ የነቀልኩት እኔ ነኝ።»

«ውስጡን ሳታዪ?»

«ሁሌ አያለሁ። ትናንት ሊቀመንበሩ ጋሽ ሀብተሥላሴ ‹ልጃቸው ሮቢ መጥቶ ወስዷቸዋል፣ ቆልፊው› አሉኝ። ደክሞኝ ነበር። አመንኳቸው።» መዳፏን አየችው። «ገደልኳቸው አይደል?»

አስካል ስለ ቴምብሩ ጠየቀቻት።

ስለ ቴምብሩ ያልሰማ ሐበሻ በኔቫዳ አልነበረም። ሊቀመንበራችን አቶ ሀብተሥላሴ ጋሽ ኃይለማርያም በአሜሪካ ቴምብር ላይ እንዲወጡ አመልክተው፣ መልስ ሳይመጣ ሊወጡ ነው ብለው ከዋተር ስትሪት እስከ ቻይናታውን አስነግረው ነበር። እሑድ ድግስ ተጠርቷል። የጋሼ ምስል እንደ ቴምብር ዙሪያው ጥርስ ወጥቶለት፣ የበር ስፋት ሆኖ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ አዳራሹ ውስጥ ቆሟል። አገሩ ግን በሕይወት ያለን ሰው በቴምብር አያከብርም፤ ከሞተ ሦስት ዓመት መሙላት አለበት። የፖስታ ቤቱ መልስ ያንኑ ብሎ ሲመጣ ጋሼ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፣ ለፋይዛም ነገሯት።

«‹ልሙትላቸው እንዴ? እኔ አልቸኮልኩም› አሉኝ» አለች ፋይዛ። «እሑድ ለሕዝቡ እውነቱን ሊናገሩ ነበር። ጋሽ ሀብተሥላሴ ቆመው ሰምተዋል። አልሳቁም።»

ቀጥሎ ሮቢ ነበር፤ የሟቹ ልጅ፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ካዚኖ ካርድ የሚያድል። ባለፈው ሳምንት ከአባቱ ጋር በዚሁ ቴምብር ሲጨቃጨቅ ስለተሰማ አዳራሹ በጎሪጥ ያየው ነበር። ‹እርስዎ› ከሚባለው ቃል ጋር ገና አልተዋወቀም።

«እኔ አባዬን ፒክ አላደረግኩም፣ አልወሰድኩትም» አለ። «ኦቨርታይም ሰጡኝ። ለሚስተር ሀብቴ ደወልኩ፣ አንተ ቤት አድርሰው አልኩት። ኦኬ አለኝ። ከሺፍት ወጥቼ ተኛሁ፤ አባዬ ሩሙ ውስጥ ያለ መሰለኝ።» ስልኩን አውጥቶ ለአቶ ሀብተሥላሴ የደወለውን ጥሪ አሳያት።

አስካል ሮቢን አስከትላ ወደ ኮንቴይነሩ ሄዳ ፖሊሶች የዘረጉት ቢጫ ሪባን ጋ ቆመች። ፖሊሶች የተዉት አልበም ወለሉ ላይ ተከፍቷል። ሮቢ ገጹን ዐወቀው፤ አባቱ ‹ሾልከው የገቡ› ይሉት ነበር። ባንዲራ የሚተክሉ ወታደሮች አሉበት፤ ፍርስራሽ ላይ ባንዲራ የሚሰቅሉ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም አሉበት። ቴምብሩ ሲወጣ በሕይወት የነበሩ፣ ስማቸው ስላልተጻፈ ብቻ ደንቡን ያለፉ ሰዎች። ጋሼ ከሚሊዮኑ ቴምብራቸው ሁሉ እነዚህን ይወዱ ነበር።

ስትመለስ አቶ ሀብተሥላሴ ራሳቸው ንፍሮ ሲያዞሩ አገኘቻቸው። ክራባታቸው አልላላም። ለሷም ዘገኑላት።

«ሮቢ ትናንት ደውሎልዎት ነበር» አለች።

«ረሳሁት፣ ልጄ። የልጁን መኪና ያየሁ መሰለኝ። ሺህ ሐሳብ ራሴ ላይ ነው። መርሳት ኃጢአት ይሆናል እንጂ ወንጀል አይደለም።» እጃቸው ግን በሞላው እፍኟ ላይ ንፍሮ ይጨምር ነበር።

አስካል ባቄላውን አላመጠች። «ምንኛ ለስልሷል። ባለቤትዎ ናቸው የሠሩት?»

«እሷ ሲያትል ናት። እኔው ነኝ። ፋይዛ ጠዋት ስትደውልልኝ እያለቀስኩ ጣድኩት።»

«የጣሳ ባቄላ መሆን አለበት እንግዲህ።»

ሰውየው የተሰደቡ ያህል ተቆጡ። «በኔ ሊቀመንበርነት የጣሳ እህል ለለቅሶ አይቀርብም። ደረቅ ባቄላና ስንዴ ነው፣ ለቅመሽ ብትፈልጊ ጠጠር አታገኚበትም።»

መርማሪው ተመልሶ ሲገባ በቀጥታ ወደ ፋይዛ ሄደ። እሷም ሳይጠራት ተነሣች። አስካል መሐላቸው ቆመችና ጥቂት እንዲሰማት ለመነችው፤ ሮቢ ያስተረጉም ጀመር።

«ፋይዛ ዘግታለች» አለች። «የዘጋችው ግን ወጥተዋል ስለተባለች ነው። ማን አላት? አቶ ሀብተሥላሴ። ሮቢ እንደማይመጣ ያውቁ ነበር፤ ስልኩ ይመሰክራል። ጋሼ በዚያ ሰዓት የት እንደሚተኙም ያውቃሉ።»

«ረሳሁ ብያለሁ» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ብለዋል። ለዚያም ነው ንፍሮዎን የበላሁት።» እፍኟን ዘረጋች። «እናቶች ፍረዱኝ። ደረቅ ባቄላ ጠዋት ተጥዶ ለእኩለ ቀን እንዲህ ይሆናል?»

ከሴቶቹ መሐል ጽጌወይን የተባሉት አሮጊት አንዷን ፍሬ በጣታቸው ጨመቋት፤ ፈረሰች። «ከትናንት ያልተዘፈዘፈ ባቄላማ ጥርስ ይሰብራል» አሉ። ሌሎቹም እፍኛቸውን አዩ። አንዲቷ የያዘችውን እንደ እሳት ፍም ጣለችው።

«ትናንት በከተማው ሌላ የሞተብን ሰው አለ?» አለች አስካል። «የለም» አሉ ጽጌወይን። አስካል ወደ ሊቀመንበሩ ዞረች። «ሰው ረስቼ ነው ሊል ይችላል፤ ይረሳል። የረሳ ሰው ግን ለለቅሶ ባቄላ አይዘፈዝፍም። እርስዎ ሁሉን አስቀድመው ያሰናዳሉ። ጋሼ እሑድ ሲናገሩ የሚዋረዱት እርስዎ ነበሩ፤ ከሞቱ ግን አፋቸው ይዘጋል፣ የቴምብሩ ደንብም ይሟላል። በገዛ እጅዎ እንዳይሆን ደግሞ የዚችን ልጅ እጅ ተዋሱ።»

አቶ ሀብተሥላሴ ትሪውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ዐይናቸው የተሸፈነው ምስል ላይ ነበር።

«ሦስት ዓመት እኮ ምን አላት» አሉ። «አልጋ ላይ ቢሞት ማን ያስታውሰዋል? አሁን ለዘላለም ይወጣል። ማመልከቻውን እንዳታነሡት።»

ሮቢ ይህን አልተረጎመም። «አባዬ የሚወደው በሕይወት ያሉትን ነበር» አለ።

መርማሪው ፋይዛን እንድትቀመጥ ምልክት ሰጣት። አልተቀመጠችም። ወጥታ የኮንቴይነሩን ቁልፍ ከኪሷ አወጣችና ሪባኑ ሥር አኖረችው፤ ከዚያ መዳፏን ቀሚሷ ላይ ደጋግማ ጠረገች። አስካል አጠገቧ ደርሳ እጇን ያዘቻት፣ እስኪበርድላትም አልለቀቀቻትም።

ሊቀመንበሩን ፀሐይ ላይ ስትግል በዋለች የፖሊስ መኪና የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። በሩ ተዘጋ። ሹፌሩ ውጭ ቆሞ ሲጽፍ እሳቸው ክራባታቸውን አላሉ፣ ከዚያም መያዣውን ፍለጋ በሩን ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። የዚያች መኪና የኋላ በርም የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው።