በመስኮት የገባው እጅ

«እጅህን ካነቃነቅክ በዚህ ፒንሳ ነው የምነክስህ!» አለች ኢላይሳኔ።

ከሰሚሲ የሚታየው እጁ ብቻ ነው፤ የመስኮቱ ሁለት መስታወት ተነቅሎ በተከፈተው ቀዳዳ እስከ ክርኑ ገብቷል። የቀረው አካሉ ውጪ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ይገባዋል።

ሰሚሲ የአጎቷ ልጅ ነው። እዚህ ቶንጋ ደግሞ የአጎት ልጅ ማለት ወንድም ነው፤ ወንድምና እህት ከጎረመሱ በኋላ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው አይቀመጡም። የመንደሩ ፓምፕ ቤት አንድ ክፍል ብቻ ናት። ስለዚህ እሷ ከውስጥ ላፕቶፑን ትነካለች፣ እሱ ከውጪ ሽቦውን ይይዛል። ይህን የፈረዱት አክስታቸው ፉሲ ናቸው። የአባት እህት ስለሆኑ በቤተሰቡ ከእሳቸው ቃል በላይ ቃል የለም። በሩ ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው በማራገቢያ ዝንብ ያባርራሉ።

«ቶሎ በሉ» አሉ። «ነገ እሑድ ነው። የሌላው ሰው እሑድ በፈለገው ሰዓት ይጀምር፣ የእኔ ፀሐይ ስትገባ ነው የሚጀምረው። ከዚያ በኋላ ሥራ የሚነካ እጅ እንዳላይ። የነገ ምሳችን ታሮ በምን ይታጠብ? የቤተ ክርስቲያን ልብሴስ?»

ታንከሩ ከሐሙስ ጀምሮ ባዶ ነው። ድሮ ውሃው ሲጎድል ፓምፑ በራሱ ይነሳ፣ ሲሞላ በራሱ ይተኛ ነበር። ይህን የሚያዘው ግድግዳው ላይ ያለው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ነው፤ በሰሌዳው ላይ ካለችው ጥፍር የምታህል ቺፕ ውስጥ ያለውን ፕሮግራም የጻፈችው ኢላይሳኔ ናት። ሙሉ የዕረፍት ጊዜዋን ፈጅታበታለች። ሐሙስ ፓምፑ ዝም ሲል የመንደሩ ሹም ባልዲ ይዞ በተሰለፈው ሰው ሁሉ ፊት፣ «ልጅ የነካው ነገር መጨረሻው ይኸው ነው! የፓምፕ ቤቱን ቁልፍ አምጪ!» ብለው ጮኹባት። ሰሚሲም ባልዲውን ይዞ አጠገቧ ቆሞ ነበር። የእግሩን ጣቶች እያየ «መብረቅ ይሆናል» አለ።

መብረቅ! ዛሬ በአክስት ፉሲ ትእዛዝ ቁልፉ ለአንድ ቀን ተመለሰላትና የቺፗን ሜሞሪ አነበበችው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ባዶ። መብረቅ ቺፕ ያቃጥላል እንጂ እንደ ሳህን አጥቦ አያስቀምጥም። አንድ ሰው «ልደምስስ?» ተብሎ ተጠይቆ «አዎ» ብሏል።

ያ ሰው ደግሞ አሁን ሽቦ ይዞላታል። የሰሌዳው መያዣ ስለተሰበረ ሽቦው በእጅ ተጭኖ መያዝ አለበት። ሽቦው እንደተያዘ የሰሌዳው ትንሽ ማስነሻ ሲጫን ቺፗ የድሮ ሥራዋን ትታ አዲስ ፕሮግራም በገመዱ እስኪመጣላት ጆሮዋን አቁማ ትጠብቃለች። የምትጠብቀው ግን ለጥቂት ሰከንድ ነው። ሦስት እጅ ይፈልጋል፤ ሁለቱ የእሷ ላፕቶፑ ላይ፣ አንዱ የሰሚሲ ሽቦውና ማስነሻዋ ላይ። የአክስት ፉሲ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር አይነኩም።

«ሦስት ስል ተጫን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!»

ላፕቶፑ ትንሽ አሰበና፣ መልስ የለም አለ።

«አነቃነቅክ!»

«ኧረ አልነካሁም!»

«አነቃነቅክ አልኩህ፣ አንተ ፋራ!»

ከዚያ ገመዶቹን አየች። ላኪውን ጫፍ ከላኪው ጫፍ ጋር ሰክታዋለች፤ ሁለቱም ይናገራሉ፣ የሚሰማ የለም። የራሷ ጥፋት ነው። ሳትነግረው አቀያየረችው። ይገባዋል።

«ሰሚሲ።»

«አቤት እህቴ።»

«እህቴ አትበለኝ። ረቡዕ ይሄን ገመድ የተዋስከኝ ለምን ነበር?»

«ለስልኬ…»

«አትፎግረኝ! ይሄ ገመድ ስልክ ላይ ይገባል?»

የአክስት ፉሲ ማራገቢያ ቆመ። እጁ ከመስኮቱ አልወጣም፤ ጣቶቹ ብቻ ሽቦው ላይ ነጡ።

«ፓምፑ ራግቢ በምናይበት ሰዓት እየጮኸ…» አለ ድምፁ። «በዚሁ መስኮት ገመዱን አስገብቼ ሰዓቱን ብቻ ልቀይር ብዬ ነው። ‹ልደምስስ?› ሲለኝ የድሮውን ሰዓት መሰለኝ። ከዚያ የኔ አልገባም አለ፤ ስታገል መያዣው ተሰበረ።»

«ለራግቢ! እሺ፣ ሐሙስ ለምን ዝም አልክ?»

«በአንቺ ፊት እንዴት ልናገር? እህቴ ነሽ። ነውር ነው።»

«ነውር?» ጆሮዋ ድረስ ጋለች። «በሕዝብ ፊት ስሰደብ ነውሩ የት ሄዶ ነበር? ምሳ ሊበላ?»

ላፕቶፑ ላይ ጠዋት የጻፈችው መስመር ይታያል። ከፓምፕ ቤቱ ውጪ፣ ባልዲ የሚሰለፍበት ግድግዳ ላይ፣ የታንከሩን ውሃ ልክ የምታሳይ ትንሽ ስክሪን አለች። አዲሱ ፕሮግራም ሲገባ እዚያ የሚነበበው፦ «ያጠፋኝ ሰሚሲ ነው።» መብራት ቢጠፋ እንኳ አይጠፋም። እህት ስለ ወንድሟ ያለችውን ደግሞ በዚህ መንደር የሚያስተባብል የለም።

«እኔ የሰማሁትን ልናገር» አሉ አክስት ፉሲ ቀስ ብለው፣ «ወይስ ጆሮዬ አርጅቷል?»

ኢላይሳኔ ወደ መስኮቱ አየች። በመስኮቱ ጠርዝ ቀይ ጉንዳኖች ወደ ሰሚሲ ክንድ እየወጡ ነበር። አንዱ ነከሰው። ሌላው ነከሰው። ቆዳው ቀላ፣ ክንዱ ግን ንቅንቅ አላለም።

ንዴቷ አልበረደም። ጉንዳኖቹን ግን በእርሳሷ ጠረገችለት። ከዚያ ስሙን ከመስመሩ ላይ ደመሰሰችና በቦታው ነጥቦች ደረደረች።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!»

በዚህ ጊዜ ቺፗ መለሰች። ላፕቶፑ ላይ ቁጥሩ አስር፣ ሃያ፣ ሰባ፣ መቶ አለ። «ልቀቅ» አለችው፤ ሽቦውን ለቀቀና ማስነሻዋን ደግሞ ተጫነ። ፓምፑ ሁለቴ አሳለና ተነሳ።

ውጪ ሰሚሲ ስክሪኗን ሲያነብ ሰማችው። «‹ያጠፋኝ … ነው።› ነጥቦቹ ምንድናቸው?»

«ያንተ ቦታ ናቸው። ሰኞ ጠዋት ሹሙ እንደ ልማዳቸው ሕዝቡን ሲሰበስቡ እኔም እመጣለሁ። ተናግረህ ስትጨርስ እዚህ መጥተህ ስምህን ራስህ ትጽፋለህ።»

«ብቻዬን አይሆንም፤ ሦስት እጅ ነው የሚፈልገው።»

«እኔ ሽቦውን እይዝልሃለሁ። ከውጪ ሆኜ።»

አክስት ፉሲ ወንበራቸውን አጥፈው ወደ እሷ አዩ።

«ጆሮዎ አርጅቷል፣ አክስቴ» አለች ኢላይሳኔ። «እስከ ሰኞ።»

ላፕቶፑን ዘጋች፣ በሩን ቆለፈች። ሁለቱን የመስኮት መስታወቶች ግን አልመለሰቻቸውም፤ ግድግዳው ሥር አቁማቸው ሄደች።