ሙጫ የጠጣ በር

ልብስ ሰፊው በሩ ሥር ተደፍቶ ነው የተገኘው። በቀኝ እጁ ግማሽ ቁልፍ ጨብጧል፤ የቀረው ግማሽ በሩ ውስጥ ተሰብሮ ቀርቷል። ጠረጴዛው ላይ ያለው የከሰል ካውያ ገና አልበረደም፤ አጠገቡ ሱሪ ተዘርግቷል። ነፍሱን ይማረውና፣ ክፍሏ ሁለት ሰው የማይተላለፍባት ናት። የነበራት አንድ መስኮት መስታወቱ ከተሰበረ ወዲህ በኮምፔንሳቶ ታሽጓል።

«የከሰሉ ጭስ ነው ያፈነው» አለ ሐኪሙ።

«ያፈነው ጭሱ፣ ያላስወጣው በሩ» አለች መርማሪዋ። ሰው ሁሉ «ቆይማ» ነው የሚላት፤ ወሬ ሲጀመርላት እንዲያ ብላ ስለምታቋርጥ። ጎንበስ ብላ የቁልፉን ቀዳዳ ከውጭ በኩል አየች። ሱፐር ግሉ የሚባለውን ሙጫ ጠጥቶ ድንጋይ ሆኗል።

የሕንፃው ባለቤት በፌሮ ተፈንቅሎ የተከፈተውን በር ይዳብሳሉ። «ባለፈው ሳምንት ያስቀባሁት በር!»

«ሰው ሞቶ እርስዎ ለበር ያለቅሳሉ?» አላቸው ጎረቤቱ ጫማ ሰፊ።

«አንተ ዝም በል! ሙጫ የማን ሥራ ነው?»

«ቆይማ» አለች። «ሲጮህ እንዴት አልሰማችሁም?»

«መብራት ጠፍቶ የእሳቸው ጄኔሬተር ኮሪደሩ ላይ ሲያጓራ፣ እንኳን የሰው ጩኸት የራሴን መዶሻ አልሰማሁም» አለ ጫማ ሰፊው። «ሌላ ቀን ቤቱ ሄዶ ነበር ምሳ የሚበላው። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ‹የምጨርሳት ነገር አለች› ብሎኝ ገብቶ ቆለፈ።»

«ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?» አሉ ባለቤቱ። «መስኮቱን በድንጋይ የሰበረው የጽዳቷ ልጅ ነው። ዛሬ ስምንት ሰዓት ፍርድ ቤት ቀጠሮ ነበራቸው። የስብራቱ ፎቶ እዚህ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው፤ ሟቹ እሱን ይዞ ሊቀርብ ነበር።»

ልጁን በካቴና አመጡት። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ሕንፃውን የምታጸዳው እናቱ እጅጌውን ይዛ ከኋላው ትከተላለች፤ ከንፈሯ በጸሎት ይንቀሳቀሳል።

«ድንጋዩን የወረወርኩት ጠጥቼ ነው፤ አምኛለሁ» አለ ልጁ። «ይሄን ግን አላውቅም። ከአራት ሰዓት ጀምሮ ፍርድ ቤት ነኝ፤ መታወቂያዬም እዛ በር ላይ ነው።»

«ብቻህን?»

«ሰባት ተኩል ላይ እማ መጣች።»

ቆይማ ወደ በሩ ተመለሰች። ከቀዳዳው በታች ቀለሙ ላይ የደረቀውን ጠብታ በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገች። ከዚያ ሁሉንም ኮሪደሩ ላይ ሰበሰበቻቸው። ኮሪደሩ ጠባብ ነው፤ መውጫው ላይ ፖሊስ ቆሟል።

«ጫማ ሰፊው አይደለም» ብላ ጀመረች። «የሱ ማስቲሽ ቢጫ ነው፣ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ይሄ እንደ ብርጭቆ ነው። ባለቤቱም አይደሉም፤ በራቸውን እንዴት እንደሚወዱት ሰምተናል።» አንዱ ሳቅ አመለጠውና አፈረ። «ልጁም በሩ ሳይቆለፍ በፊት ጀምሮ ፍርድ ቤት ነበር። ሙጫውን ያፈሰሰው ሰው ውስጥ ሰው መኖሩን አላወቀም፤ በዚያ ሰዓት ልብስ ሰፊው ሁሌ ቤቱ ምሳ ላይ ነዋ። የፈለገው ፎቶው እንዳይወጣ ብቻ ነው። ሙጫው ተንጠባጠበ። በር ሊያበላሽ የመጣ ሰው ጠብታ ምኑ ነው? ይሄኛው ግን ወለወለው። ጠብታው ውስጥ ሰማያዊ ክርና የዱቄት ሳሙና ደርቆ ቀርቷል። ሊያበላሽ መጥቶ እንኳ ቆሻሻ ትቶ መሄድ ያልሆነለት እጅ ነው።»

ሁሉም የጽዳቷን ወገብ አየ። ሰማያዊው መወልወያ እዚያ ተሰክቷል።

«እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ ልጁ። «እኔ ነኝ ያደረግኩት!»

«ተው ልጄ፣ አምላክ እየሰማ አትዋሽ» አለች እናቱ። ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ፎቶው ካልቀረበ ዳኛው ያሰናብቱታል ብዬ ነው። በር ይጠገናል ብዬ... ሰው አለ ብዬ መቼ አሰብኩ?»

«አምንዎታለሁ፣ እትዬ» አለች ቆይማ። «የመስታወቱም የበሩም ከሳሽ የግል ሰው ነው፤ ይቅር ካለ ፋይሉ ይዘጋል። አሁን ግን በበሩ ምክንያት ነፍስ ጠፋ። ባያስቡትም ያስጠይቅዎታል። የዚህ ከሳሹ መንግሥት ነው፤ ይቅር ሊልዎት የሚችለው ሰውዬ ሞቷል።»

ቆይማ ገብታ ሱሪውን ይዛ ወጣች። «ይሄ ለሟቹ ስንዝር ይረዝማል።» ልጁ ወገብ ላይ ለካችው። ልክክ አለ።

ጫማ ሰፊው አንገቱን ደፋ። «‹ክሱን ላነሳለት ነው፤ ግን በተቀደደ ሱሪ ዳኛ ፊት አይቆምም› ብሎኝ ነበር። ሱሪውን ሳይነግረው ድንገት ሊሰጠው አስቦ ነበር። ማን ጠየቀኝ?»

ካቴናው ከልጁ እጅ ወደ እናቱ እጅ ተሻገረ። ልጁ የተፈታ እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት ቆመ። እሷ ዓይኗን ከሱሪው አልነቀለችም። አንዱ የሱሪው እግር ተተኩሷል፤ ሌላው እንደተጨማደደ ነው።

«ያቺን የቀረችውን ልተኩስለት?» አለች።

ቆይማ ወደ ውስጥ ገብታ ካውያውን በመዳፏ ነካችው። በርዷል።