እስከ ሠርጋችን አይከፈትም

ኤልዳና ድሮም አርፋ የምትቀመጥ ልጅ አይደለችም። ያን ቅዳሜ ግን ጭራሽ ባሰባት። ኮሎራዶ ውስጥ ኦሮራ በምትባል ከተማ ባለው የወላጆቿ ቤት ከኪችን ወደ መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወደ ኪችን ስትመላለስ እናቷ ወይዘሮ ሠርካዲስ «ኧረ ልጄ፣ ምንጣፉን ጨረስሽው» አሏት። የእንዳልክ ሽማግሌዎች አስር ሰዓት ላይ ይመጣሉ። የምትወደውን ልጅ እንድታገባ አባቷ እሺ ሊሉ ጫፍ ላይ ደርሰዋል። እሷን ያቁነጠነጣት ግን ከእሷ በቀር ማንም የማያውቀው ውሸት ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አባቷ አቶ ደምሰው ጌታን ያገኙ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው የተከበሩ ሰው ናቸው። መጠጥ የሚባል ነገር ደጃቸውን ረግጦ አያውቅም። ኮሎራዶ እንደመጡ ስድስት ዓመት አስፋልት ሲያነጥፉ ኖረው፣ አሁን የኤርፖርት ሻትል ይነዳሉ። ለኤልዳና የአማርኛ ፊደል ያስቆጠሯትም እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ዳውንታውን ዴንቨር ባለ የጣሊያን ሬስቶራንት በር ላይ ቆማ እንግዳ ትቀበላለች ብለው ያምናሉ። ድሮ እውነት ነበር። አሁን ግን ሁለት ዓመት ሆናት፣ ለየምግቡ የሚስማማውን ወይን የምትመርጥ፣ ሶሜሊየር የሚሏት ሆናለች። ታሸታለች፣ ትጉመጠመጥበታለች፣ ትተፋለች። አንዲት ጠብታ ግን ውጣ አታውቅም።

እንዳልክንም ያገኘችው በዚያው በአፍንጫዋ ነው። እሱ ኮሜርስ ሲቲ ካለ መጋዘን ወይን እየጫነ ለየሬስቶራንቱ የሚያደርስ ሹፌር ነው። አንድ የሐምሌ ማክሰኞ ባሮሎ የሚባለውን ወይን በካርቶን አስገብቶ ፊርማ ሲጠብቅ፣ አንዱን ጠርሙስ ከፍታ አሸተተችና ሙቀት መትቶታል፣ አልፈርምም አለችው በእንግሊዝኛ። እሱ ዞር ብሎ «ደግሞ በአፍንጫ መክሰስ ተጀመረ» ብሎ በአማርኛ አጉረመረመ።

«ቫኑን የት ነው ፓርክ አድርገህ የዋልከው?» አለችው፣ እሷም በአማርኛ።

ክው አለ። ሀቫና መንገድ ላይ ምሳ ሊበላ ገብቶ፣ ኤሲውን አጥፍቶ፣ ወሬ ይዞት አንድ ሰዓት ተኩል መቆየቱን ሳይወድ በግዱ ተናዘዘ። በሳምንቱ ሲመጣ ቫኑ ውስጥ ቴርሞሜትር ሰቅሎ፣ እሱንም ፎቶ አንስቶ መጣ። ስልኩን አውጥቶ አሳያት። ኤልዳና ሳቀች፤ እሱ ግን አልሳቀም፣ ስትስቅ ያያት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ የሁለቱ ቀን ሆነ። ጣሊያኖች ብዙ ጊዜ ጠርሙሱ ላይ የመንደራቸውን ስም ይጽፉና የወይን ፍሬውን ስም እንደሚተዉት ነገረችው። ባሮሎ መንደር ነው፣ ፍሬው ኔቢዮሎ ይባላል። ኪያንቲ ተብሎ የሚሸጠው ዋናው ፍሬው ሳንጆቬዜ ነው። ባርቤራን አቀመሰችው፣ ምራቅ የሚያመጣ ጎምዛዛ። ከደቡብ የሚመጣውን አግሊያኒኮን ስታቀምሰው ፊቱን አጨማደደ። መኪና ስለሚነዳ እሱም መትፋት ተማረ። ሁለት ሰው አንድ ባልዲ ላይ እየተፋ በፍቅር ወደቀ ቢባል ማን ያምናል? እነሱ ግን ወደቁ።

«አንቺ የምትወጂው የቱን ነው?» አላት አንድ ቀን።

«ኔቢዮሎን። ከሁሉ ዘግይቶ ነው የሚበስለው። ሲያዩት ቀለሙ ስስ ነው፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ድድ ጨምድዶ ይይዛል።»

ለምን እንደምትወደው ሌላም ምክንያት ነበራት፤ አልነገረችውም። የተወለወለውን ብርጭቆ አንስታ እንደገና ወለወለች።

ዓመት ሲሞላቸው አንድ ጥሩ ባሮሎ በጋራ ገዙ። ኤልዳና ለምትቀምሰው ወይን ሁሉ ሽታውን ወረቀት ላይ ጽፋ ጠርሙሱ አንገት ላይ ማሰር ልማዷ ነው። የዚህንም፣ ያንኑ ዓይነት ሬስቶራንቱ ውስጥ ቀምሳ ታውቀዋለችና፣ በአማርኛ ጽፋ አሰረችለት፤ እንዳልክም ወስዶ ቤቱ ኪችን ውስጥ አስቀመጠው።

እንዳልክ ኦርቶዶክስ ነው። የሃይማኖቱን ነገር ወይዘሮ ሠርካዲስ ሦስት ወር ሙሉ አቶ ደምሰውን ሲያለሳልሱ ከርመው፣ እንደ ምንም «እስቲ ይምጡና እንስማቸው» አስባሉ። እንዳልክ ግን በበኩሉ አንድ ነገር ላይ ድርቅ አለ። ሥራዋን ለአባቷ ሳትነግር ሽማግሌ አልልክም አለ፤ ኋላ ከሰው ቢሰሙ ልጄን ያበላሻት እሱ ነው ይሉኛል ብሎ ነው። ሦስት ጊዜ ልትነግራቸው አባቷ ፊት ተቀመጠች፤ ሦስቴም ስለ መኪና ጎማ አውርታ ተነሳች። በመጨረሻ ነገርኩት አለችው።

«ምን አሉ?»

«ዝም አለ።»

ዝም ማለታቸውስ እውነት ነው። ሶፋ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።

እንግዲህ ቅዳሜ ደረሰ። የእንዳልክ አጎት ጋሽ ወልደየስ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። እንዳልክ ጴንጤዎች ናቸውና ውስኪ እንዳትይዙ ብሎ አስጠንቅቋቸዋል። እሳቸውም ውስኪውን ተዉ። ወይንማ ጌታ ራሱ ሠርግ ቤት የባረከው ነው፣ ባዶ እጅ መግባትም ነውር ነው ብለው ከእንዳልክ ኪችን አንድ ጠርሙስ ብድግ አድርገው፣ በወረቀት ቦርሳ ይዘው ከች አሉ። መነጽር አላደረጉምና አንገቱ ላይ የታሰረውን አላነበቡም።

ልጅዎን ለልጃችን የሚለው ንግግር አምሮ አለቀ። ጋሽ ወልደየስ ጠርሙሱን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አቆሙት። ኮሪደሩ ላይ ቆማ የምታደምጠው ኤልዳና ጠርሙሱን ከነወረቀቱ አወቀችው። አቶ ደምሰው በትህትና ሊመልሱ እጃቸውን ሲዘረጉ ወረቀቱን አዩት። ወደ ግራ ያዘነበለውን ጽሕፈት እጇን ይዘው ያስጻፏት እሳቸው ናቸው፣ እንዴት ይጠፋቸዋል። ቀስ ብለው ድምፃቸውን አሰምተው አነበቡት።

«ጽጌረዳ። ሬንጅ። የደረቀ ቼሪ። ሙቀት እንዳይነካው። እስከ ሠርጋችን አይከፈትም።» ቀና አሉ። «ይሄን ማን ነው የጻፈው?»

ጋሽ ወልደየስ ነገሩ ቶሎ ገባቸው። «እኔ ነኝ» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ።

«እስከ ሠርጋችን ያሉትም እርስዎ ነዎት?»

አንዱ ሽማግሌ ሳል ያዘው። ዝም ብትል ኖሮ አዛውንቱ በውሸታቸው ይዋረዱላት ነበር። ኤልዳና ከኮሪደሩ ወጣች።

«እኔ ነኝ አባዬ። ሥራዬ ይሄ ነው። ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

አቶ ደምሰው አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻላት ነበር። ለእንግዶቹ ተመካክረን መልስ እንልክላችኋለን ብለው በክብር ሸኟቸው፤ ከዚያ ጠርሙሱን አንስተው ወደ ቤዝመንት ወረዱ። እንዳልክም ከአጎቱ ሰምቶ ወዲያው ደወለ።

«አባትሽን ፈራሽ፣ ይገባኛል» አላት። «እኔን ግን ለምን ዋሸሽኝ?»

ስልኩን ዘጋው። ማክሰኞ ሌላ ሹፌር መጣ። አባቷ ከሰላምታ በቀር አያናግሯትም፣ እንዳልክ ስልክ አያነሳም። ያለ ምክንያት ከከተማው ማዶ እስከ ሌክውድ ነድታ ትመለሳለች፤ የበላችውን አታውቅም፤ የቀመሰችው ሁሉ ውሃ ውሃ ይላታል። በአንድ ውሸት ሁለት ሰው አጣሁ እያለች አለቀሰች።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሬስቶራንቱ ገና ሳይከፈት፣ አቶ ደምሰው ሙሉ ልብስ ለብሰው ገቡ። በብርቱካንማው የድሮ የአስፋልት ሥራ ሰደሪያቸው የጠቀለሉትን ነገር ባንኮኒው ላይ አኖሩና «ስትሠሪ ልይሽ» አሏት።

ከሌላ ጠርሙስ ኔቢዮሎ ቀዳች። አሸተተች፣ ቀመሰች፣ ተፋች።

«አትውጪም?»

«አንድም ቀን ውጬ አላውቅም።»

ብርጭቆውን ሳብ አድርገው አፍንጫቸውን አስጠጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጽጌረዳ ያልሽው እኔ አልመጣልኝም» አሉ። «ሬንጁ ግን አለ። ስድስት ዓመት በትኩሱ ላይ ቆሜያለሁ፣ ሬንጅ አይጠፋኝም። አንቺ የት ታውቂውና ነው?»

«ከአንተ ነዋ። ከሥራ ስትመጣ ልብስህን ሳታወልቅ ሮጬ የማቅፍህ እኔ አልነበርኩም? ይሄን መጀመሪያ ያሸተትኩ ቀን አንተ ነህ ትዝ ያልከኝ። ከሁሉ የምወደውም ለዚያ ነው።»

አቶ ደምሰው መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ሥራሽን አልወደድኩትም፣ አልዋሽሽም» አሉ። «የከፋኝ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ማዕድ ላይ ቀርበሽ ዝም ማለትሽ ነው።» ሰደሪያውን ገለጡት። ጠርሙሱ ወረቀቱ እንደታሰረበት ነው። «ሙቀት እንዳይነካው ብለሽ ጽፈሻል፤ ቤዝመንት ነበር። ለልጁ መልሺለት። በተጻፈው ቀን ይከፈት፤ እኔ አልቀምሰውም። ሰዎቹ ቅዳሜ ተመልሰው ይምጡ። ያለ ጠርሙስ።»

በነጋታው ጠዋት ኤልዳና ኮሜርስ ሲቲ፣ መጋዘኑ በር ላይ ነበረች። እንዳልክ ቫኑን እየጫነ ሲያያት ቆመ። ከስቷል። ሰላም እንኳን አላለችውም።

«ስነግረው አባቴ ተኝቶ ነበር» አለችው። «እንዳላጣህ ፈርቼ ነው ብል ሰበብ ነው። ዋሽቼሃለሁ እንዳልክ። ይቅር በለኝ። አሁን ሁሉንም ያውቃል፤ ይሄንንም የላከልህ እሱ ነው።»

እንዳልክ ጠርሙሱን ተቀብሎ ወረቀቱን አነበበ። ቴርሞሜትሩን አየ። ከካርቶኖቹ መሀል ቀዝቃዛውን ቦታ መርጦ፣ እንዳይንከባለል በጃኬቱ ደግፎ አስቀመጠው። ይሄን ሁሉ ሲያደርግ ኤልዳና እጁን እጁን ታያለች።

«ከእንግዲህ ለአባቴ ነገርኩት ባልሽኝ ቁጥር፣ ነቅተው ነው ወይስ ተኝተው ብዬ ልጠይቅሽ ነው?» አላት።

«ጠይቀኝ።»

በሩን ዘጋና ዞረ። ዓይኖቹ እርጥብ ነበሩ። «ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው?»

«አስር ሰዓት። ያለ ጠርሙስ።»

«እሱን ለጋሼ ራስሽ ንገሪያቸው» አለ። «እኔ ከነገርኳቸው ጠጅ ይዘው ነው የሚመጡት።»

ኤልዳና እየሳቀች፣ እንባዋም እየወረደ፣ ቫኑ ዞሮ እስኪወጣ ድረስ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።